ሙዳይዋ በክንፉ ላይ

ሐምቡርግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለመሪጌታ አድማሴ። ከባሕር ማዶ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። የሰማይ አምላክ ዓይንዎን ከፍዘት፣ እጅዎን ከመንቀጥቀጥ ጠብቆ የጀመሩትን ድጓ ጽፈው ለመፈጸም ያብቃዎ። እኔ ደኅና ነኝ፤ በመርከብ መጠገኛው ሥራዬ ላይ እንዳለሁ አለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናቴ እንዲያነቡላት እለምናለሁ።

እናቴ ሆይ፣ ልጅሽ ቢተው አውሮፕላን ሠራ። በገዛ እጁ ሠራ። አጥንቱን ከቀላል እንጨት ጠርቦ፣ ሐር ጨርቅ አልብሶ፣ ሞተር ገጥሞ፣ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ደክሞበት ባለፈው እሑድ አበረረው። ከሜዳው ተነሣ፣ በዛፎቹ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ተመልሶም ያለ አንዳች ጉዳት አረፈ። መሪው እኔ ነበርሁ። በዚህ አገር አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ የማኅበሩ አለቃ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። የሰፋሽልኝ ሙዳይ ዛሬም ከአልጋዬ ራስጌ ናት፤ ትንንሽ ብሎኖቼን የማኖረው በእርሷ ውስጥ ነው።

አጎቴ፣ ፎቶግራፉን በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ። «ከዚህ ልጅ እጅ የሚረባ ነገር አይወጣም» ያሉኝን አልረሳሁም። እንግዲህ ይመልከቱት።

የወንድምዎ ልጅ፣ ቢተው


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ ፰ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቢተው። አምላክ ልቡና ይስጥህ። ሰላምታዬ ይህ ነው፤ ከዚህ የሚበልጠውን ለሚገባው ሰው አኑሬዋለሁ።

ደብዳቤህ በሰኔ መጨረሻ ደረሰኝ። በቅሎ አስጭኜ የግማሽ ቀን መንገድ ወርጄ ለእናትህ አነበብሁላት። መንገዱ ካደከመኝ ይልቅ የእጅ ጽሕፈትህ አደከመኝ። ሰባት ዓመት ያስተማርሁት ሰው መስመር ሳይጠብቅ እንደ ጎርፍ ወደ ቁልቁል ሲጽፍ ማየት ለአስተማሪው ቅጣት ነው።

ስለ ማኅበራችሁ። እኛ ማኅበር ስንል የምንዘክረው ጻድቅ አለን፣ የምናበላው ነዳይ አለን፣ የምናስበው ሙት አለን። እናንተ ሞተር አላችሁ። ያውም በሰንበት። ይሁን።

ስለ አውሮፕላኑ። አገሬ አውሮፕላን አያውቅም ብለህ እንዳትታበይ። ከከተማችን በላይ ባለው ሜዳ በበጋ ዳኮታ ያርፋል። አላፊ አግዳሚው አንጋጦ ያያል፤ እኔ ግን ድምፁን ሰምቼ ቀና ብዬ አላውቅም፤ ብራናዬን መፋቅ እቀጥላለሁ። የላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ያለው አውሮፕላን በሣር ላይ ለብቻው ቆሟል። በአጠገቡ ሰው የለም፤ ቤት የለም፤ ከብት የለም። ከበስተኋላው ሰማይ ብቻ ነው። ሥዕል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሥዕል አያምነውም።

እናትህ ግን አመነችው። ፎቶግራፉን ከግንባሯ አስነክታ ለጎረቤት አሳየች። ያ አምባቸው የሚባለው ሽማግሌ ጎረቤቷ ከዓይኑ አስጠግቶ፣ ከዓይኑ አርቆ አየውና፦

«ስንት ኩንታል ይጭናል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልሁት።

«የዳኮታውን ያህል ባይጭንም ግማሹን አያጣም» አለ ለራሱ።

ሌላዋ ጎረቤቷ ዘይነባም ከደጅ ሆና «አልሐምዱሊላህ! የአልታየች ልጅ እህል ይዞ ከመጣ ለኔ አንድ ቁና አይነፍገኝም» አለች።

ለምን እህል እንደሚያመጣ ማንም አልጠየቀም። ምክንያቱን እናትህ ተናገረች፦ «ሰው ሁለት ክረምት ሙሉ ለከንቱ ነገር አይደክምም። ልጄ ረኃባችንን ሰምቶ ነው የሠራው።» ይህን የመሰለ የቀና ክርክር ሰምቼ አላውቅም። የምጠራጠረው ተከራካሪዪቱን አይደለም፤ የተከራከረችለትን ነው።

የአገሩን ነገር ካልሰማህ ስማ። በልጉ ቀርቷል። ያለፈው መኸር እፍኝ አልሞላም። ከቆላ የተነሣው ሰው ወደ ደጋ ይወጣል፤ ደጋውም የሚሰጠው የለውም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የሚያድሩትን መቁጠር ትቻለሁ።

ገንዘብ አልለምንህም፤ ለምኜህም አላውቅም። የምፈልገው መልስ ነው። አውሮፕላኑ ስንት ክንድ ነው? ስንት ሰው ይይዛል? ስንት ቁና ይጭናል? ከዚያ ተነሥቶ እዚህ መድረስ ይችላል ወይስ አይችልም? ሳትቀባባ ጻፍልኝ።

አጎትህ፣ መሪጌታ አድማሴ


ሐምቡርግ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ። መጪውን ዘመን የዝናምና የእህል ያድርግልን። እናቴን ስለ እኔ ሆነው ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ጥያቄዎን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን ሥራ አልሠራሁም። አስቀድሜ ስለ ሥራው ላስረዳዎ። እንጨቱ ባልሳ ይባላል፤ ከደረቀ ሸምበቆ ይቀልላል። እያንዳንዱን የክንፍ አጥንት በምላጭ ቀርጫለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ናቸው። ሞተሩን የፈታሁት ከእንጨት መቁረጫ መጋዝ ነው። መንኰራኵሩ፣ የመሪው ገመድ፣ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር ከእውነተኛው ጋራ ልክ በልክ ተመዛዝኗል። በማኅበራችን ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፤ የኔን ያህል የተዋጣለት የለም።

አሁን ለእርስዎ ብቻ። ልኩ የእውነተኛው አውሮፕላን ሩብ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከፍታው እስከ ጉልበቴ፣ ክብደቱ ዘጠኝ ኪሎ ነው። ሰው አይይዝም። እኔ ሜዳ ላይ ቆሜ በእጄ በያዝሁት ራዲዮ እመራዋለሁ። እህል አይጭንም፤ ከሜዳውም አይርቅም። ለምን ይሠራል ቢሉኝ፣ ለመሥራት ነው የሚሠራው፤ የሚገባው የሠራ ሰው ነው።

ፎቶግራፉን ያነሣሁት መሬት ላይ ተኝቼ ነው። አልዋሸሁም፤ ግን እንዲህ ይሆናል ብዬም አላሰብሁም። ለእናቴ ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ፤ ለሌላ ሰው ግን እባክዎ አይንገሩ። አገሩ ካወቀው አንድ ቀን ተመልሼ በመካነ ሰላም ገበያ እንዴት አልፋለሁ?

ቢተው


መካነ ሰላም፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለቢተው። ከነእፍረትህ ጤና ይስጥህ።

አምስት ክንድ። እኔ የምተኛበት መደብ አራት ክንድ ነው። ሁለት ዓመት ከመደቤ በአንድ ክንድ የሚበልጥ ነገር ስትሠራ ኖረህ ለእናትህ «ልጅሽ አውሮፕላን ሠራ» ብለህ ጻፍህላት። ሐኪምና ዳኛም አብረውህ ይሠራሉ አልኸኝ። የዚያ አገር በሽተኛና ተከሳሽ ምንኛ ይታዘንለት።

«ለመሥራት ነው የሚሠራው» ያልኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ ብራና የምፍቀው ሊጻፍበት ነው፤ የሚጻፈው ሊነበብ ነው፤ የሚነበበው ሊዜም ነው። ያንተ ግን ከራሱ ተነሥቶ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ዞሮ አረፈ ብለህ የጻፍኸው ለካ አንተኑ ነው።

ቀስ አድርገህ ንገር አልኸኝ። እንደ ወረደ አነበብሁላት። ሰምታ ስትጨርስ ምን እንዳለች ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ሲያነቡት ነው እንዲህ የሚለው።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበብሁልሽ።»

«ያለፈው ደብዳቤ ሲነበብ ደስ የሚል ነበር። አንድ ልጅ በሦስት ወር እንዲህ አይለወጥም።»

«አልታየች፣ እኔ በሐሰት አነባለሁ ወይ?»

«እርስዎ ልጄን ወደውት ያውቃሉ?»

ይህ ጥያቄ ከደብዳቤው ጋራ ግንኙነት የለውም አልኋት። «አለው» አለችኝ፤ ተነሥታም ወደ መስኩ ሄደች።

መስኩ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከቤቷ በታች ያለውን ድንጋያማ ሜዳ ታውቀዋለህ፤ ፍየል ስትጠብቅ እግርህን የላጠህ እርሱ ነው። የዳኮታው ሜዳ ሩቅ ነው፣ ልጄ በደጄ ይረፍ ብላ እርሷና አምባቸው ከመስከረም ጀምሮ ድንጋይ እየለቀሙ ነው። ሁለት እርሻ ያህል አጽድተዋል። ክምሩ ከሩቅ ይታያል።

በአቀስታ እህል መታደል ጀምሯል። የመንደሩ ሰው ግማሹ ሄዷል። ዘይነባ ልትሄድ ስትነሣ የእናትህን እጅ ይዛ ለመነቻት፦ «አብሽሪ እቴ፣ ነይ እንሂድ። አውሮፕላኑ ከመጣ አቀስታን አያጣትም፤ ከላይ ሆኖ ያየናል!»

«መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘውስ? አባት የለው፤ ማን ይቀበለዋል?» አለቻት።

ዘይነባ ሄደች። እናትህ ቀረች። አምባቸውም «እህሉን ለማራገፍ ወንድ ያስፈልጋል» ብሎ ቀረ። ጉሮሮው ላይ ያለው አጥንት የሚቆጠር ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

እንግዲህ የኔ ንባብ ከሐሰት ስለ ተቆጠረ፣ የማይነበብ ምስክር ላክ። ከአውሮፕላንህ አጠገብ ቆመህ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ተኝተህ አይደለም፣ ቆመህ። ሙዳይዋንም በክንፉ ላይ አስቀምጣት። ሰው ቁመቱን በፎቶግራፍ ሊዋሽ ይችላል፤ ሙዳይዋን ግን ሰፍታታለችና እጇ ያውቃታል። ያን ስታይ ተነሥታ ትሄዳለች። ይህን ባየህበት ቀን አድርገው።

መሪጌታ አድማሴ


ሐምቡርግ፣ ኅዳር 25 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ። ጤና ይስጥልኝ።

ያዘዙኝን ወዲያው ማድረግ አልቻልሁም። እዚህ ክረምቱ ገብቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጭጋግ ነው፤ ፎቶግራፍ አይወጣም። አውሮፕላኑም ተፈታቷል። ክንፉን አዲስ ጨርቅ ሳለብሰው እንጨቱ እየተጠማዘዘ አስቸግሮኛል፤ ከላይ ስወጥረው ወደ ላይ ይጣመማል፣ ከታች ስወጥረው ወደ ታች። ጠማማ ክንፍ ይዤ ፎቶግራፍ ልነሣ? ለጊዜው በበጋ ሲበር የተነሣውን ልኬያለሁ፤ ይህን ያሳይዋት። ሱፍ ሻርፕም ለእናቴ አብሬ ልኬያለሁ።

እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን ጭጋጉ ብቻ አይደለም። ያዘዙኝ ፎቶግራፍ የኔ ውርደት ነው። በአገሬ ሰው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ ብዬ ብታይ ምን ነበረበት?

እርስዎም አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሸምበቆ አጥንት ሠርቼ፣ ከእርስዎ ብራና አንድ ቅጠል ወስጄ ክንፍ አለበስሁት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተማሪዎች ሁሉ እያዩ በእግርዎ ረገጡት። ብራናውን ገንጥለው ወሰዱ፤ አጥንቱን እኔው ለቅሜ እሳት ውስጥ እንድጨምር አዘዙኝ። ጨመርሁ። ያ ስንት ክንድ ነበር አጎቴ? እርሱንስ ለክተውት ነበር?

ቢተው


መካነ ሰላም፣ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለቢተው።

አምባቸውን ባለፈው ማክሰኞ ቀበርነው። ከመስኩ ዳር ተቀምጦ ነው ያገኘነው። ከአቀስታ ሰው ተልኮበት ነበር፤ «አውሮፕላኑ ሲመጣ» ብሎ መለሰው።

ሲበር የተነሣውን ፎቶግራፍ ለእናትህ ሰጠኋት። ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ይኸው ተነሥቷል፤ መንገድ ላይ ነው» አለች።

እግሯ አብጧል። ለድጓው ካኖርኋቸው ሦስት ቆዳዎች ሁለቱን ቆራርጬ ቀቀልሁና መረቁን አጠጣኋት። ብራና እንደሚቀቀል ከየኔታ አልተማርሁም። አምርራ ተጣልታኝ ጠጣችው። በቅሎ ላይ በግድ ልጭናት ብሞክር የበሩን መቃን ይዛ አልለቅም አለች፤ እኔም የምጎትትበት ጉልበት የለኝም።

ሻርፑን ለብሳዋለች። ስለ ሸምበቆው በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ፎቶግራፉን ላክ።

አድማሴ


ሐምቡርግ፣ የካቲት 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ክንፉን እንደ ተጣመመ ገጠምሁት። በረዶ ላይ ቆሜ ተነሣሁ። ሙዳይዋ በግራው ክንፍ ላይ ናት፤ በውስጧ ምንም የለም። ያነሡኝ የማኅበሩ አለቃ ናቸው። «እንዲህ ከቆምህ አውሮፕላንህ ያንሳል፤ ወይ ተቀመጥ ወይ ተኛ» አሉኝ። ቆምሁ።

አምባቸው በልጅነቴ ወንጭፍ ፈትሎልኝ ያውቅ ነበር።

ፎቶግራፉን ለፈለጉት ሁሉ ያሳዩት። ገበያ ላይ ይለጥፉት። እናቴ ግን ትነሣ።

ቢተው


ሐምቡርግ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ። ከላክሁ አምስት ወር አለፈኝ። የዚህ አገር ራዲዮ ስለ ወታደሮችና ስለ ሚኒስትሮች መታሰር ያወራል፤ ስለ አንዲት እናት አያወራም። ይርገሙኝ፣ ይስደቡኝ፤ ግን በአንድ መስመር እናቴ አለች ወይ የለችም ብለው ይጻፉልኝ።

ቢተው


መካነ ሰላም፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለቢተው። እናትህ አለች። ሰላምታን ከዚህ በኋላ ያስገባሁት በሥርዓቱ ላይ አምፄ ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት ሌላ ነገር ብጽፍ እንደማታነበው ስለማውቅ ነው። አሁን ጤና ይስጥህ፤ እድሜ ይስጥህ።

የሐምሌው ደብዳቤህ በኅዳር ደረሰኝ። ዘመኑ ሲገለበጥ ፖስታውም አብሮ ተገልብጦ ኖሮ የት እንደ ከረመ እግዜር ይወቅ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከኅዳር ወዲህ ያለመጻፌ ግን የኔ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ለመጻፍ ብዕሬን እየነከርሁ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው። በስተመጨረሻ እጽፈዋለሁ።

ፎቶግራፍህ የደረሰኝ በሚያዝያ ነው። የዚያኑ ዕለት ወረድሁ። ዘይነባ ከአቀስታ ስልቻ ስንዴ ተሸክማ ተመልሳ እናትህን በማንኪያ ስታጐርስ አገኘኋት። ሳላነብ፣ ሳልተረጕም፣ አፌን ሳልከፍት ፎቶግራፉን በእጇ አስያዝኋት።

ብዙ አየችው። አንተን አላየችም፤ ሙዳይዋን ነው ያየችው። በጣቷ ክዳኗን ዳሰሰች።

«ሙዳዬ ናት። ክዳኗ ላይ አንድ ዙር ተሳስቼ ነበር፤ ይኸው ስሕተቴ።»

ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን አቀረበችው።

«ይቺ ሁለት እፍኝ ሽንብራ ነው የምትይዘው። በክንፉ ላይ ይህን ያህል ቦታ ከያዘች . . .» እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ለካች። «ጥጃም አያህል።»

ዘይነባ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና «ወላሂ፣ ይሄማ እኔን ብቻዬንም አይችለኝ!» አለች። እናትህ ሳቀች። ያ ሁሉ ወር ሲያልፍ ጥርሷን አላየሁም ነበር። ሳቋን ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች፦

«መሪጌታ፣ ልጄ መጫወቻው ሳይወጣለት ነው ያደገው።»

 

«በሉ እንግዲህ በቅሎዎን ይጫኑልኝ» አለች፤ የበሩን መቃን አልያዘችም። ሦስታችን ወደ አቀስታ ወጣን፤ ሴቶቹ በየተራ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። እስከ ሰኔ እዚያው ቆየን። እኔ መሪጌታ አድማሴ ቆርቆሮ ይዤ ከሰው ኋላ ተሰለፍሁ። አዳዩ ወጣት ስሜን ሲጠይቀኝ ከነማዕርጌ ነገርሁት፤ «አድማሴ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ይህንንም ባንተ ዕዳ እቈጥረዋለሁ።

የዘር እህል ይዘን ተመለስን። እርሷና አምባቸው የለቀሙት መስክ ድንጋይ የለውምና ማረሻ ሳይሰብር ታረሰ። ዘንድሮ ገብስ አብቅሏል። ከነዶው አንዱን አምባቸው መቃብር ላይ አኖረችው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም አልኋት፤ አልሰማችኝም።

በዚህ ወር ደግሞ ዘማች የሚባሉ ተማሪዎች መጥተው የሰውን ንብረት ይመዘግባሉ። የመሬት ነገር ሊወጣ ነው ይላሉ። ጠጕሩ እንደ ዝንጀሮ ጋማ የቆመ አንዱ ከእናትህ ደጅ ተቀምጦ «ንብረት?» አለ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አውሮፕላን አላት!» አለው። ልጁ ቀልዱን ሳያውቅ ጻፈው፦ አውሮፕላን፣ አንድ። ከዚያም ፊቱን አኮሳትሮ «የት ነው የደበቃችሁት?» አለ። የድሮዎቹ ጸሐፍት ሌቦች ነበሩ፤ ማንበብ ግን ያውቁ ነበር። እናትህ ከብብቷ ፎቶግራፉን አውጥታ «ይኸው ልጄ፣ ጉልበቱን አያልፍም፤ ከቻልህ ውረሰው» አለችው። አገሩ ሁሉ አየው። አገሩ ሁሉ ሳቀ። ውርደትህ ተፈጽሟል፤ ማንም አልሞተበትም። በመካነ ሰላም ገበያ ብታልፍ «ሙዳይዋን የት አደረግሃት?» ይሉሃል እንጂ ሌላ የሚልህ የለም።

አሁን ስለ ሸምበቆው።

ስንት ክንድ ነበር ላልኸኝ፦ አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር። ለክቼዋለሁ። ብራናውን የነጠቅሁህ ለመጽሐፉ ያስፈልጋል ብዬ ነበር፤ ቀዳዳ ስለ በዛበት ግን አንድ ፊደል አልጻፍሁበትም። በሣጥኔ ሥር አለ። ከመርገጤ በፊትም አይቼው ነበር። ከደወሉ ቤት ደረጃ ላይ ስትወረውረው፣ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ፣ ዞሮም ከወይራው ሥር በደረቱ ሲያርፍ አይቻለሁ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። ተማሪዎቼ ድጓ ሲቀጽሉ ዓይናቸው ከመጽሐፉ ተነቅሎ የማያውቅ፣ ያን ቀን ሁሉም ቀና አሉ። እኔም ቀና አልሁ። የረገጥሁት ስለዚህ ነው።

ሌላም አለ። እናትህን ላሳምናት ወደ መስኩ በወረድሁ ጊዜ ሦስት ድንጋይ ለቅሜያለሁ። አውሮፕላንህ ጉልበትህን እንደማያልፍ በጽሕፈትህ ካነበብሁ በኋላ ነው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ስለ ክንፉ መጣመም የጻፍኸውን አይቻለሁ፤ አፈርሁብህም። ሰባት ዓመት ቆዳ ስትወጥር ኖረህ በአንድ ወገን ትወጥራለህ? አንዱን ጠፍር ባጠበቅህ ቍጥር ተነሥተህ ዞረህ ትይዩውን ታጠብቃለህ፤ ላዩን በነካህበት ሰዓት ታቹን ትነካለህ፤ ሳይደርቅ ከፀሐይ ታወጣዋለህ። ይህን የጀርመን ዳኛ አያውቀውም፤ አንተ ግን ታውቀው ነበር።

ከሦስቱ ቆዳዎች የቀረውን ጠቅልዬ በዚሁ ልኬልሃለሁ። እንደ ሽንኵርት ልጣጭ እስኪሆን ፍቄዋለሁ፤ ብርሃን ያሳልፋል። ድጓው በአንድ ቆዳ አይፈጸምም፤ ዓይኔም ለሌላ ሦስት አይበቃኝም። ስለዚህ ሥራ የለውም። ክንፍህን አልብሰው። ከበደኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ካልበረረ ጥፋቱ የቆዳው አይደለም።

ሲበርም ፎቶግራፍ አንሥተህ ላክ። አስቀድመህ ግን አጠገቡ ቁም።

አጎትህ፣ አድማሴ